ከወይፈን ጋር የተወለደች

የዚያን ዕለት ነፋሱ ከምዕራብ ነበር የሚመጣው፤ የሐምሌ ደረቅ ነፋስ፣ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ፤ በእኛ አገር ሐምሌ ዝናብ የሌለበት የብርድ ወር ነው። ጠዋት የከብቶቹ ገንዳ ላይ ስስ በረዶ ጋግሮ አገኘነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላም ብርሃን እንጂ ሙቀት አልነበራትም። የበረቱ አቧራ ዓይናችን ውስጥ፣ ሻያችን ውስጥ፣ ጥርሳችን መሐል ይገባ ነበር። ሣሩ ከነጣ ቆይቷል። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና እንኳ አልነበረችም።

የእንስሳት ሐኪሟ የላሞቹን ማህፀን የምትፈትሽበት ቀን ነበር። ያረገዘችው በግራ በኩል ወደ ሣሩ ትወጣለች። ባዶ የሆነችው በቀኝ በኩል ወደ ትንሹ በረት ትገባለች፤ ከዚያ የቄራው መኪና መጥቶ ይጭናታል። ሕጉ ይኸው ነው። ከብት ሣር የሚበላው ሊወልድ ነው፤ ካልወለደ ሊሰባ ነው። እኛን የሠሩን ሰዎች በዚሁ ሕግ ኖረው በዚሁ ሕግ ሞቱ።

የባሌ እህት ሜርል አንገት መያዣው ብረት ላይ ቆማ ነበር። ላሚቱ በጠባቡ መተላለፊያ ስትመጣ ሜርል ብረቱን ጥርቅም አድርጋ አንገቷን ትይዛለች፤ ሐኪሟ ከኋላ ክንዷን ታስገባለች፤ ባሌ ሬክስ ከፊት ቆሞ በሩን ግራ ወይም ቀኝ ይመልሳል። ሜርል ከልጅነቷ ጀምሮ የያዘችው ሥራ ስለሆነ እጇ አይስትም። የዚያን ቀን ግን ዓይኗ ከመንጋው መሐል አንዲትን ጊደር ብቻ ይፈልግ ነበር። ፊቷ ነጭ ሆኖ በግራ ዓይኗ ዙሪያ ቀይ ክብ ምልክት ያላት ጊደር ናት። ስሟ ፔኒ ነው። ሜርል በጡጦ ነው ያሳደገቻት።

ያቺ ጊደር አርግዛ እንድትገኝ ሜርል የተመኘችውን ያህል ማንም ሰው አንድን ነገር ሲመኝ አላየሁም። ለምን እንደሆነ ለመናገር ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

ሜርልና ሬክስ መንታ ናቸው። የተወለዱት እዚሁ፣ በዶሰን ወንዝ ዳር ባለው የአባታቸው እርሻ ነው። ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ስለነበር እናታቸው ከተማ ሳትደርስ ምጥ ያዛት፤ አባታቸው አርች ላም ሲያዋልድ እንደኖረ ሚስቱንም እሱ አዋለዳት። ወንዱ ቀደመ፣ ሴቷ ተከተለች። ውሃው ሲጎድል ጎረቤት ሊጠይቅ መጣ። አርች በረንዳው ላይ ቆሞ ያለውን እስከዛሬ በዚህ አካባቢ የማያውቅ የለም።

"ወይፈኑን አስቀረዋለሁ። ጊደሯን ግን ገበያ ነው የምሰዳት፤ ከወይፈን ጋር የተወለደች ምን ታደርግልኛለች!"

ላም መንታ ወልዳ አንዱ ወንድ ሌላዋ ሴት ከሆኑ፣ ሴቲቱ አትወልድም። እዚህ አገር ሕፃን እንኳ ይህን ያውቃል። ግቷ አያጎጠጉጥም፣ ኮርማ አትፈልግም፣ ዝም ብላ ትሰባለች። መሲና ናት። ከበሬዎቹ ጋር ተሰልፋ ወደ ቄራ ትሄዳለች እንጂ ለዘር የሚያስቀራት የለም።

አርች ክፉ ሰው አልነበረም። ልጁን ይወዳት ነበር፤ ኮርቻ ላይ ከፊቱ አስቀምጦ ነው ያሳደጋት። ግን በስሟ ጠርቷት አያውቅም። "መሲኔ፣ ባርኔጣዬን አቀብዪኝ።" "መሲኔ፣ ነይ ይህን አጥር ያዢልኝ።" ስሙ ከቤት ወጥቶ ትምህርት ቤት ደረሰ። ልጆቹ "መሲና! ማን ሊያገባሽ ነው?" ሲሏት "ካንተ የተሻለ ከጠፋ በሬ አገባለሁ!" ትልና በቡጢ ትላቸው ነበር። ሬክስም ለእሷ ሲል ስንት ጊዜ አፍንጫው ደምቷል። ቤት ሲመለስ ግን እሱም መሲና ነበር የሚላት።

እናታቸው ገና ልጆች ሳሉ ሞተች። ያሳደገቻቸው የአባታቸው እህት አክስት ኔል ናት፤ ስለ ሰውነት ማውራት ከስድብ የሚቆጠርባት ሴት። የሜርል እኩዮች አንድ በአንድ ሴት ሆኑ፤ ሜርል ቀረች። አሥራ አምስት ሞላት፣ አሥራ ስድስት ሞላት፣ ምንም የለም። ድፍረት አግኝታ አክስቷን ስትጠይቅ፣ አክስት ኔል ዓይኗን ከምትሰፋው ጨርቅ ሳታነሳ "እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ የራሱን ሥራ ሰጥቷል። ያንቺ ከብቱ ነው" አለቻት።

ነገሩ ዘግይቶ መጣ፤ መጥቶም ልማድ የለውም ነበር፣ አንድ ወር አለ አንድ ወር የለም። ያን ጊዜ ግን መሲና ነኝ የሚለው እምነት ተተኩሶ እንደ ደረቀ ምልክት ቆዳዋ ላይ ነበር።

ሐኪም ለምን አልጠየቀችም የሚል ሰው ይኖራል። ሐኪሙ ከተማ ነው፤ የአባቷ የካርታ ጓደኛ ነው። ምን ብላ ትጠይቀው? ደግሞስ ሰው የማያውቀውን ይጠይቃል እንጂ የሚያውቀውን ማን ይጠይቃል?

ከእኛ አጥር ወዲያ ያለው መሬት የትሪዊኖች ነበር። ሽማግሌው ትሪዊን ኮርማ አርቢ ናቸው፤ የአንድን ኮርማ ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፣ የሚስታቸውን እናት ስም ግን ይረሳሉ ይባልላቸው ነበር። አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፣ ሊንድሴይ የሚባል። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሴት ሲያናግረው ጆሮው ፍም የሚመስል ልጅ። በመንደሩ አዳራሽ ዳንስ ሲኖር ሊንድሴይ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ ሜርል ስትነሳ ይነሳል፤ ከሷ ጋር ጨፍሮ ተመልሶ ግድግዳውን ይደገፋል። ጥጃ በጋለ ብረት ምልክት የምንተኩስበት ቀን ሳይጠራ ይመጣ ነበር።

ከእነዚያ ቀናት በአንደኛው እኔም፣ ኮራል፣ ነበርኩ፤ የሬክስ እጮኛ ሆኜ ኬክ ይዤ መጥቼ። እሳቱ አልጠፋም፣ የተቃጠለ ጸጉር ሽታ አየሩን ሞልቶታል፣ ሰዎቹ ለሻይ ተቀምጠዋል። ሽማግሌው ትሪዊን የተገለበጠ ቆርቆሮ ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ ሊንድሴይ ከሜርል እጅ የውሃ ባልዲ ተቀብሎ ሲሸከም አዩት።

"ሊንድሴይ! ባልዲውን አስቀምጥና ስማኝ። ጊደር ስትገዛ መጀመሪያ የምትጠይቀው ምንድን ነው?"

"አባዬ፣ ተወኝ።"

"ጠየቅሁህ እኮ።"

"ጥርሷን ነዋ!" አለ አንዱ ሠራተኛ ከወዲያ።

"ጥርስ ለፈረስ ነው፣ አንተ ደንቆሮ። ብቻዋን ተወለደች ወይስ ከወይፈን ጋር? ብለህ ነው የምትጠይቀው!"

ሳቁ በረቱን ሞላው። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው አርች ነው። "እኔ እንኳ ከተወለደች ጀምሮ ለገበያ አቅርቤያት ነበር፤ ገዢ ጠፋ እንጂ!" አለ ዓይኑን እየጠረገ።

ሜርልም ሳቀች። "አይዞህ አባዬ፣ ገዢ ከጠፋ በኪሎ ትሸጠኛለህ" አለችና የሽማግሌውን ኩባያ ሞላችላቸው። ሊንድሴይ ባልዲውን እንደያዘ ቆሞ ነበር። ምንም አላለም። ጥፋቱ እሱ ብቻ ነው፤ ምንም አለማለቱ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ እሁድ እኔና ሜርል ወጥ ቤት ሆነን ሳህን እናጥብ ነበር። እሷ ታደርቃለች።

"ሊንድሴይ ጠየቀኝ" አለች።

"እሰይ! እና?"

"አይሆንም አልኩት።"

"አብደሻል እንዴ፣ ሜርል? ወደሽው እኮ ነው!"

"ላባቱ አንድ ነው፣ ኮራል። ያ ሁሉ መሬት፣ ያ ሁሉ ኮርማ። ባዶ በረት ይዤለት ልግባ?"

"ያ እኮ ቀልድ ነው፣ እቴ። ሽማግሌው አፋቸው እንደሆነ ታውቂያለሽ።"

"ቀልድ ነው።" ሳህኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችና አየችው። "አንቺ ግን ከወይፈን ጋር ተወልዳ የወለደች ጊደር አይተሽ ታውቂያለሽ?"

አላየሁም። ትምህርት ቤት ከሰባተኛ ክፍል ነው የወጣሁት፤ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ከበረት ነው። በረት ደግሞ ያስተማረኝ እሷን ያስተማራትን ነው።

"አላየሁም" አልኳት።

"በቃ።"

"ታዲያ ምን ብለሽ መለስሽው?"

"አልወድህም አልኩት። ሌላ ነገር ብለው ምንም አይደል ይለኝ ነበር፤ ከዚያ ዕድሜ ልኩን ይቆጨዋል።"

ሳህኑን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችና ሌላ አነሳች።

ሊንድሴይ በሁለተኛው ዓመት ከሮክሃምፕተን የመጣች አስተማሪ አገባ። የሠርጉን ኬክ የጋገረችው ሜርል ናት። ዘቢቡን ሳምንት ሙሉ ሮም በሚሉት አረቄ ነክራ፣ ኬኩን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ ያንን ሁሉ ኮረኮንች መንገድ ይዛው ሄደች። አልተሰነጠቀም።

እኔና ሬክስ ትልቁ ቤት ገባን። ሜርል ከጓሮ ያለችውን ሁለት ክፍል ቤት ያዘች። አራት ልጆች ወለድኩ፤ እሷ ፈረስ አስጋለበቻቸው፣ እባብ ሲያዩ እንዳይሮጡ አስተማረቻቸው፣ እኔ ስቆጣ ከጓሮ ቤቷ ደበቀቻቸው። ሕፃን ስታቅፍ ሁልጊዜ ቆማ ነው። ተቀምጣ አታቅፍም። "ቁጭ ካልኩ መነሳቱ ይከብደኛል" ትል ነበር፤ ወገቤን ያመኛል ማለቷ መስሎኝ ስንት ዓመት ኖርኩ።

አርች ሲታመም ያስታመመችው እሷ ናት። በመጨረሻዎቹ ወራት የሰው ሁሉ ስም ጠፍቶበት፣ የእኔንም የሬክስንም ረስቶ፣ ከአልጋው "መሲኔ! መሲኔ!" ብቻ ይል ነበር። እሷም "አለሁ አባዬ" እያለች ትገባለች።

አርች በሞተ በዓመቱ ድርቅ ሆነ። አንዲት አሮጊት ላም ጫካው ጠርዝ መንታ ወልዳ ወንዱን አስከትላ ሄደች፤ ሴቷን መሬት ላይ ተወቻት። የዱር ውሾች ወንዱን እናቱ ሥር በሉት። ሜርል ሴቷን ኮርቻ ላይ ጭና አመጣቻት። በእኛ ዘንድ በጡጦ ያደገ ጥጃ ያሳዳጊው ነው፤ ማንም አይናገርበትም።

ሬክስ ግን ተናገረ። "ውሾቹ የበሉት ወንድ ነበር?"

"ወንድ ነበር።"

"እንግዲያው ወተቱን አታባክኚ፣ እህት ዓለም።"

"አንዳንዷ ትወልዳለች ይባላል።"

"ማን ነው የሚለው?"

"ሰው።"

"የቱ ሰው?"

"ሬክስ፣ ወተቱ የኔ፣ ጡጦውም የኔ። አንተ ምን ጎደለብህ?"

ጥጃዋ አደገች፣ ፔኒ ተባለች፣ ሜርልን እንደ ውሻ የምትከተል ጊደር ወጣት። ጊዜዋ ሲደርስ ከሌሎቹ ጊደሮች ጋር ኮርማ ያለበት መስክ ገባች። ሜርል ሥራ ስትጨርስ ፈረሷን ትጭንና ወደዚያ መስክ ትሄዳለች፤ አጥሩ ሥር ቆማ ኮርማው ፔኒን ይከተላት እንደሆነ ታያለች። ፀሐይ እስክትጠልቅ ትቆያለች። ስትመለስ አልጠይቃትም፤ እሷም አትነግረኝም።

በዚያ ዕድሜዋ ልጅ ፈልጋ አይመስለኝም። ሕጉ ለአንዷ እንኳ ሲሰበር ማየት ፈልጋ ነው። ቢሰበር ደስታ ይሆናት ነበር ወይስ ኀዘን፣ እሱን እኔ አላውቅም።

ወደዚያ ቀን ልመለስ።

ሐኪሟ አዲስ ነበረች፤ ጂል የምትባል፣ ከዩኒቨርሲቲ የወጣች ወጣት። ሬክስ ጠዋት ሲያያት "በዚህ ክንድ? ላሟ ዝንብ ያረፈባት ነው የሚመስላት" ብሎኝ ነበር። እስከ ምሳ ግን ላብ በላብ ሆና ከመንጋው ግማሹን ፈትሻ አፉን አዘጋችው። ጊደሮቹ የመጡት ከምሳ በኋላ ነው።

ፔኒ ገባች። ሜርል ብረቱን እንደሌሎቹ አልጠረቀመችውም፤ ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ጂል ክንዷን አስገባች። ደጋግማ ዳሰሰች። ቆየች። ከዚያ ክንዷን አውጥታ ጎንበስ አለችና ከታች በኩል አየች።

"ይቺ ጊደር መንታ ነበረች?"

"ነበረች!" አለ ሬክስ ከበሩ። "ከወንድ ጋር! እኔ ብናገር የሚሰማኝ ሰው የት አለና!"

"ማህፀን የላትም። እጄ ላይ የሚመጣው እንደ ክር ያለ ነገር ብቻ ነው። መሲና ናት፣ ወደ ቀኝ።"

ሜርል ብረቱን አልከፈተችም።

"እርግጠኛ ነሽ?" አለች።

"እርግጠኛ ነኝ። ደሟን ብናስመረምር የሴትም የወንድም ክሮሞዞም እናገኝበታለን። ከፊሉ ደሟ የወንድሟ ነው። እሱ ሞቶ እንኳ እሷ ውስጥ አለ።"

ሬክስ ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም፤ ያው ዕድሜ ልኩን የሳቀው ሳቅ ነው። "አይዞሽ መሲና፣ ጓደኛ አገኘሽ!" ጂል ግራ ገብቷት ስታየው አብራራላት። "እሷና እኔ መንታ ነን። ከወይፈን ጋር የተወለደች! አባታችን በሌላ ስም ጠርቷት አያውቅም።"

ጂል ለወጉ ያህል ፈገግ አለች፤ ክንዷን በጨርቅ እየጠረገች። "ደግነቱ ሰው ላይ አይሠራም።"

"ምኑ?" አለች ሜርል።

"ይሄ ነገር። ላም ሆድ ውስጥ የሁለቱ ጥጆች የእንግዴ ልጅ ይጣበቃል፤ ደማቸው ይቀላቀላል። ከወንዱ የሚመጣው ነገር የሴቷን ማህፀን ሳያድግ ያስቀረዋል። የሰው መንታ እንዲህ አይሆንም። ከወንድም ጋር የተወለደች ሴት እንደ ማንኛዋም ሴት ናት።" ጨርቁን ባልዲው ላይ ጣለችው። "እናቴ ራሷ ከአጎቴ ጋር መንታ ናት። አምስት ነን የወለደችን።"

ነፋሱ የበረቱን ቆርቆሮ ሲያንኳኳ ይሰማ ነበር። ሬክስ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ፤ የሚያደርግበት ጠፍቶት። ጂል አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሜርልን አየች። ድምፅዋ ዝቅ አለ።

"እየቀለዳችሁ ነበር አይደል?"

"አዎ" አለች ሜርል። "ቀልድ ነው።"

ብረቱን ከፈተችው። ፔኒ ራሷን ነቅንቃ ወጣች፤ ሬክስ ፊት ደረሰች። እሱ በሩን እንደያዘ ቆሞ ነበር። መሲና ወደ ቀኝ ነው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲመልስ የኖረ እጅ ነው። በሩን ወደ ግራ መለሰው። ፔኒ ወደ ሣሩ ሄደች።

"ቀጣይ" አለች ሜርል፤ ዞር ብላ ሳታይ።

የቀሩትን ጊደሮች ሁሉ ጨረስን። ሜርል የአንዲቷንም አንገት አልሳተችም።

ሲመሽ ከታንከሩ ሥር እጃችንን ስንታጠብ "ሜርል" አልኳት። "እጅሽን በደንብ ፈትጊ፣ ፋንድያ ፋንድያ ሸትተሻል" አለችኝ። ይኸው ነው ያለችው። ሌላ ቀን፣ ልብስ ስናሰጣ፣ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ፣ "አምስት አለች አይደል?" አለችኝ።

"አዎ፣ አምስት ብላለች።"

"አምስት" አለችና አንሶላውን ዘረጋችው።

ሬክስ ይቅርታ ማለት አያውቅበትም። እንጨት መፍለጥ ያውቅበታል። ያን የብርድ ወራት ከእራት በፊት ጓሮ እየሄደ ለእህቱ እንጨት ይፈልጥ ነበር፤ ክምሩ ከቤቷ መስኮት በላይ ሆኖ ብርሃን እስኪከለክላት ድረስ። "ሬክስ፣ ይብቃህ፣ ምስጥ ልታስገባብኝ ነው" ስትለው አቆመ። መሲና የሚለው ቃል ከዚያ ወዲህ ከአፉ አልወጣም። ልጆቹንም ከለከላቸው፤ ለምን እንደሆነ ሳይነግራቸው። ሌላው ሰው ምን ያውቃል? ሱቅም፣ አዳራሽም፣ ከብት ገበያም መሲና ይሏታል። እሷም አቤት ትላለች።

ፔኒ ሥራ አገኘች። ከጫካ የሚወጣ ዱር የለመደ መንጋ ሰው ሲያይ ይበተናል፤ አንዲት ገራም ላም ከፊት ካደረግህለት ግን እሷን ተከትሎ በረት ይገባል። የምትወልድ ላም ለዚህ አትሆንም፤ ጥጃዋን ፍለጋ ትመለሳለች። ፔኒ የምትመለስበት አልነበራትም። ዓመት ከዓመት ከሜርል ፈረስ ጎን እየሄደች የሌሎችን ጥጆች ከነእናቶቻቸው እየመራች ታስገባለች፤ አስገብታ ስትጨርስ ብቻዋን ትወጣለች። ስሟ እስከ ሩቅ ተሰማ።

"ለሊንድሴይ ንገሪው" እላት ነበር እኔ። "ይወቀው እንጂ።"

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ ኮራል። ምን ልበለው? ወድጄህ ነበር፣ ግን ላም የሆንኩ መስሎኝ ነበር ልበለው?"

ሳቅን። እሷ ናት ያሳቀችኝ።

አንድ ዓመት ለከብት ትርኢት ከተማ ሄድን። አጥር ተደግፈን ኮርማዎች ሲዞሩ ስናይ ሊንድሴይ መጣ። አባቱ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ኮርማ ማርባቱን ትቶት ነበር። ጸጉሩ ሸብቷል፣ ጆሮው ግን ያው ነው። ባርኔጣውን አወለቀ።

"እንዴት ነሽ፣ ሜርል?"

ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት። ከእኔ ሌላ በዚህ አገር መሲና ብሎ ጠርቷት የማያውቅ እሱ ብቻ ነበር። ልጅ ሆነውም፣ ዳንሱም ላይ፣ የዚያን ቀን ባልዲውን ይዞ ሲቆምም።

"ደህና ነኝ። ልጆችህ እንዴት ናቸው?"

"ደህና ናቸው። ሁሉም ከተማ ገቡ፣ ከብት የሚፈልግ ጠፋ።" ባርኔጣውን በእጁ አዞረው። "ያቺ መንጋ የምትመራው ላምሽ... ትሸጪልኛለሽ ወይ ልልሽ ነበር። የላይኛው ጫካ ያሉት ከብቶች አልገባ ብለውኛል።"

"ፔኒ አትሸጥም።"

"ጥሩ ዋጋ እሰጥሻለሁ።"

"መሲና ናት፣ ሊንድሴይ። አትወልድም።"

"ሰምቻለሁ" አለ። "ምን ቸገረኝ? እኔ የምፈልገው እሷን ነው እንጂ ጥጃዋን አይደለም።"

ሜርል የአጥሩን ብረት ያዘች። ኮርማዎቹ አንድ ዙር ዞረው እስኪያልፉ አየቻቸው። ከዚያ "አውሳሃለሁ" አለችው። "በመስከረም ከብት ስትሰበስቡ ይዤልህ እመጣለሁ።"

በመስከረም ፔኒን ይዛ ወደ ትሪዊኖች ጫካ ሄደች። ቀን ቀን ከሊንድሴይ ጋር ጎን ለጎን ጋለቡ፤ ከብቱን ሰብስበው አስገቡ። ስትመለስ ምን ተባባላችሁ አልኳት።

"ስለ ሣር" አለች። "ስለ ዝናብ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም። ሚስቱ ምሳ ቋጥራ ልካ ነበር። ጥሩ ሳንድዊች ናት የምትሠራው።"

ፔኒ አርጅታ ጅረቱ ዳር ተኝታ ሞተች፤ ሜርልና ሬክስ በትራክተር ቀበሯት፣ ለላም የማይደረግ ነገር። ሊንድሴይም ልቡን ታሞ ሞተ፤ ሜርል ቀብሩ ላይ ከኋላ ወንበር ከእኔ ጋር ተቀመጠች። ከዚያ ሬክስም አረፈ። እርሻው ተሸጠ፤ አሁን ያሉት ሰዎች ጥጥ ይዘራሉ አሉ፣ በረቱ ፈርሷል።

ሜርል ሰማንያን አልፋለች። ከተማው ውስጥ ባለው የአረጋውያን መኖሪያ፣ በኮሪደሩ መጨረሻ ባለ ክፍል ትኖራለች፤ ከመስኮቷ የከብት መኪናዎች የሚያልፉበት መንገድ ይታያል። ጉልበቷ አይታጠፍም፣ ጆሮዋ ደህና ነው፣ አእምሮዋ ደህና ነው። ልጆቼ ልጆቻቸውን ይዘው ይጠይቋታል፤ አሁን ተቀምጣ ነው የምታቅፋቸው። ለሠራተኞቹ የልጆቼ እናት እሷ ትመስላቸዋለች። እሷም አታርማቸውም፣ እኔም አላርማቸውም። ሐሙስ ሐሙስ እኔ እሄዳለሁ።